ዛንዚባር ለስኖርክሊንግ የቱ ጋ ይሻላል? ጥር ላይ ነው የምንሄደው

ሙሽራው_ሳሪስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥር ላይ ሠርጋችን ነው። መልሱ እንዳለቀ ለጫጉላ ዛንዚባር እንሄዳለን፣ ለአንድ ሳምንት። ትኬት ቆርጠናል፣ ሆቴል ግን ገና አልያዝንም። ዋናው ፍላጎታችን ስኖርክሊንግ ነው፤ ማስክና መተንፈሻ ቱቦ አድርገን ውሃው ላይ ተንሳፈን ዓሣና ኮራል ማየት። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ሁሉም ቦታ ምርጥ፣ ሁሉም ቦታ ገነት ነው፤ ምኑን ከምን እንደምለይ ግራ ገባኝ። ፓጄ እንረፍ ወይስ ኑንግዊ? ከሆቴሉ ፊት ለፊት ገብተን ማየት እንችላለን ወይስ የግድ ጀልባ መከራየት አለብን? እሷ ጎበዝ ዋናተኛ ናት፣ እኔ ገንዳ እንጂ ባሕር ገብቼ አላውቅም። ብር ማባከን አንፈልግም፣ ለሚገባው ነገር ግን እንከፍላለን። የምታውቁ እስኪ ንገሩን።

ሰብለ_ቢ፦
ምኔምባ! ሌላ ቦታ እንዳትደክሙ። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ዳሬሰላም_ነዋሪ፦
እንኳን ደስ ያላችሁ። ሰብለ ያለችው ቦታ ጥሩ ነው፣ እመለስበታለሁ። ግን ሆቴል ከመያዝህ በፊት ካላንደር አውጣና ጨረቃዋን እይ። የምሬን ነው። ዛንዚባር ላይ ከቦታው ይልቅ ሰዓቱ ነው የሚወስነው፤ በተሳሳተ ሰዓት የተሄደበት ምርጥ ቦታ ደፍርሶ ወይ ደርቆ ነው የሚጠብቅህ።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መሀል ያለው ልዩነት 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ግማሽ ጨረቃ ሰሞን ግን 1 ሜትር፣ ቢበዛ ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። ይሄ ልዩነት ሁሉን ነገር ይለውጠዋል። ልዩነቱ ሲሰፋ ያ ሁሉ ውሃ በስድስት ሰዓት ውስጥ ገብቶ መውጣት ስላለበት ይጎትታል፣ አሸዋውን ያነሳል፣ እይታው ይደፈርሳል። ልዩነቱ ሲጠብ ውሃው ይረጋል።

የምሥራቅ ዳርቻ መንደሮችን ፓጄን፣ ብዌጁንና ጃምቢያኒን ብትወስድ ውሃው ሲጎድል ባሕሩ ሸሽቶ ርቆ እስከ ሪፉ (ኮራል የሠራው የድንጋይ ግንብ) ድረስ ይሄዳል። ቅድም የዋኘህበት ቦታ ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው እንጨት ላይ የተዘረጋ ገመዳቸውን እያስተካከሉ የባሕር አረም ሲሰበስቡ ታያለህ። ለዓይን ደስ ይላል፣ ለስኖርክሊንግ ግን አይሆንም። ኮራሉ ያለው ከሩቁ ሪፍ ወዲያ ማዶ ነው። ስለዚህ «ከሆቴሉ ፊት ለፊት» ላልከው፣ ምሥራቅ በኩል ከሆነ እርሳው። ሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ውሃው እንደዚያ አይሸሽም፣ ቀኑን ሙሉ ትዋኛለህ፤ ግን ዳርቻው አሸዋ ነው፣ ኮራል ብዙም የለም። ጀልባ ያስፈልግሃል።

አሁን ዋናውን ያዝ። በሙሉና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን ውሃው የሚጎድለው ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ የሚሞላው ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ነው። በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄድና ከሳምንት በኋላ ይገለበጣል። ግማሽ ጨረቃ ሰሞን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሞልቶ ታገኘዋለህ ማለት ነው፣ ያውም ጉተታው ረግቶ። በጥር ደግሞ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነው የሚነፍሰው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። የሞላ ውሃ፣ የረጋ ጉተታ፣ ያልተነሳ ነፋስ፣ ሦስቱም በአንድ ጠዋት የሚገናኙት ግማሽ ጨረቃ ሰሞን ነው። ጀልባህን ለእነዚያ ቀናት ያዝ።

ሙሽራው_ሳሪስ፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን የትም አላነበብኩም። የጻፍከው ሰዓት በኛ አቆጣጠር ነው አይደል?

ዳሬሰላም_ነዋሪ፦
አዎ በኛ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው፣ የሰዓት ክልላችንም አንድ ነው። ለቱሪስት ሲያወሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ የታይድ (የሙላትና ጉድለት ሰዓት) ሰንጠረዡም እንደዚያው። ካፒቴኑ ሀበሻ መሆንህን ሲያውቅ ወደ ራሱ አቆጣጠር ሊመለስ ይችላል። «ፀሐይ ስትወጣ ነው ወይስ ረፋዱ ላይ?» ብለህ አስረግጠህ ጠይቀው።

የጣና_ልጅ፦
ስለ ምኔምባ እኔ ልጨምር። ከሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ከማተምዌ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት፣ ዙሪያዋን ሰፊ ሪፍ ከቧታል። ደሴቷ ራሷ የግል ሎጅ ናት፤ እንግዳ ካልሆንክ መውረድ አይፈቀድም፣ እና አንዳንድ ደላላ «ደሴቷ ላይ ምሳ እንበላለን» ካለህ ሌላ ሰው ፈልግ። የምትዋኘው ሪፉ ላይ ነው። አካባቢው በፈረንጅ ከ2002 ጀምሮ ጥበቃ የሚደረግለት ስለሆነ የመግቢያ ክፍያ አለው፤ ዋጋ ስትነጋገር ክፍያው ውስጡ አለ ወይስ የለም ብለህ በግልጽ ጠይቅ።

ከየት እንደምትነሳ ትልቅ ነገር ነው። ከኑንግዊ ጀልባው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከማተምዌ ግን ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ነው። ከኑንግዊ የሚመጡት ጀልባዎች ረፋዱ ላይ ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ከዓሣው ይልቅ የሰው እግር ነው የምታየው። ማተምዌ አድራችሁ በጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ከተነሳችሁ ሪፉን ለብቻችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ገብታችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይቀዝፋል። አንድ ትልቅ ኮራል ምረጡና እላዩ ላይ ተንሳፋችሁ ቆዩ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል። ትንሽ ስትቆዩ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ጆሯችሁ ውሃ ውስጥ እያለ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ፓሮት ፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ እየፋቀ ሲቆረጥም ነው። አረሙን በልቶ ድንጋዩን አድቅቆ በኋላው በኩል ነጭ አሸዋ አድርጎ ይለቀዋል። ከኋላው ብትከተሉት ብናኙን ስታዩ ትደነቃላችሁ። የዳርቻው ነጭ አሸዋ ቀላል የማይባለው ክፍል ከእሱ ሆድ የወጣ ነው።

ሀና_ዱባይ፦
ይቅርታ፣ እኔ ከምኔምባ ወዳጆች ጋር አልስማማም። ሄጃለሁ፣ አይቻለሁ። የእኛ ካፒቴን መልሕቁን የወረወረው ኮራሉ ላይ ነው፣ ጓ ሲል ሁላችንም ሰማን። ቀጥሎ ዓሣ እንዲሰበሰብ ዳቦ በተነ። ዶልፊን ሲታይ ደግሞ ያለው ጀልባ ሁሉ ሞተሩን አስነስቶ ከቦ አሳደዳቸው፣ ሰዎች ከላይ እየዘለሉ ይገባሉ። እንስሶቹ እረፍት አጡ። ጥልቀቱ ትንሽ በሆነባቸው ቦታዎች ላይ ተሰባብሮ አረም የለበሰ ኮራል በብዛት አለ። በፈረንጅ በ1998 እና በ2016 ውሃው ከመጠን በላይ ሞቆ ኮራሉ የነጣበትና የሞተበት ጊዜ እንደነበር ይታወቃል፤ በዚያ ላይ መልሕቅ ሲጨመርበት እንዴት ያገግማል?

እኔ የምለው ቹምቤ ሂዱ። ከስቶን ታውን (ከዛንዚባር አሮጌው ከተማ) ደቡብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ምዕራባዊ ሪፏ ላይ በፈረንጅ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው፣ ጀልባም መልሕቅ አይጥልም። በግል የሚተዳደር የባሕር ፓርክ ሲሆን በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባልለታል። ከ400 በላይ የዓሣ ዓይነት ተመዝግቦበታል። የአየር ታንክ ይዞ መጥለቅ እንኳ ለጎብኚ አይፈቀድም፣ ስኖርክል ብቻ። በቀን የሚገባው ሰው ጥቂት ነው፣ አስጎብኚ ሳይኖር አትገባም፣ አስጎብኚዎቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም የቀድሞ ዓሣ አጥማጆች። ዋጋው ይወደዳል። ግን ልዩነቱን ልክ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ እንዳስገባችሁ ታዩታላችሁ፤ ኮራሉ ያልተረገጠ ነው፣ ዓሣው ትልልቅ ነው፣ ሰው አይፈራም። በፈረንጅ በ1904 የተሠራ የመብራት ማማም አለ፣ ማታ ካደራችሁ ኮኮነት ክራብ የሚሉትን ግዙፍ ሸርጣን ታያላችሁ።

የጣና_ልጅ፦
ሀና ያልሽው እውነት ነው፣ ዶልፊን ማሳደዱ እኔንም ያበሳጨኛል። ግን ካፒቴኑን መምረጥ ይቻላል። ከመክፈላችሁ በፊት «መልሕቅ ትጥላለህ ወይስ ከቦያው ጋር ታስራለህ?» በሉት። ቦያ ማለት ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ማሰሪያ ነው። ጥያቄው ከገባው መልሱን ወዲያው ይነግራችኋል። ካልገባው ደግሞ እሱም መልስ ነው። ዶልፊን እንዳያሳድድም አስቀድማችሁ ንገሩት፣ «አንፈልግም» ስትሉት ነዳጁም ስለሚተርፍለት ደስ ይለዋል።

ሀና_ዱባይ፦
ይሄ ያስማማናል።

ነርስ_ቤቲ፦
ሙሽራው፣ «ገንዳ እንጂ ባሕር ገብቼ አላውቅም» ያልካት ናት እኔን ያሳሰበችኝ። እባክህ ማስክና ስኖርክል ገዝተህ ከመሄድህ በፊት ሶደሬም ሆነ ያገኘኸው ገንዳ ሂድና ቁመትህ በሚደርስበት ቦታ ተለማመድ። ፊትህን ውሃ ውስጥ አድርገህ በአፍህ ብቻ ቀስ ብለህ መተንፈስ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ አእምሮ እምቢ ይላል። ሆን ብለህ ቱቦው ውስጥ ውሃ አስገባና በኃይል ተፍተህ አውጣው። ይሄን ገንዳ ውስጥ ያልለመደ ሰው ባሕር መሀል ውሃ ሲገባበት ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ማስኩን ያወልቃል፣ ከዚያ ውሃ ይውጣል።

ላይፍ ጃኬት ልበስ፣ አትፈር። ጀልባው ላይ በልክህ መሆኑን እዚያው ሞክረው፤ ሲሰፋ ወደ አፍንጫህ ይወጣል። ከሚስትህ ክንድ በሚደርስ ርቀት ሁን፣ ጎበዝ ዋናተኛ ብትሆንም እሷም ብቻዋን አትራቅ። ስኖርክል ላይ ሰው ሲሰጥም አይጮህም፣ ፊቱን ደፍቶ ዝም ነው የሚለው፤ ከላይ ሲያዩት ዓሣ የሚያይ ይመስላል። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይግባ። መጠጥ ጠጥቶ መግባት የለም።

ሌላው ጫማ ነው። ውሃው ሲጎድል ባዶ እግራችሁን አትሂዱ፣ የባሕር ጃርት የሚባለው ጥቁር እሾሃም በየድንጋዩ ስር ነው። ከወጋችሁ ቁስሉን የምትችሉትን ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ ሕመሙ ይቀንሳል። ድንጋይ የሚመስለው ስቶን ፊሽ ከወጋ ግን እሱ ከባድ ነው፤ ሙቅ ውሃው እንዳለ ሆኖ ቀጥታ ሐኪም ቤት።

አሽዶድ_ተስፋ፦
ሰላም ከእስራኤል። እኔ ኢላት ነው የምዋኘው፣ ቀይ ባሕር። እዚያ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሙላትና ጉድለቱ ትንሽ ነው፣ ሪፉም ዳርቻው ላይ ነው። የኮራል ቢች ጥብቅ ስፍራ ኮራሉን ሳትረግጥ የምትገባበት ድልድይ ሠርቶ በገመድ መስመር አበጅቶልሃል። ዛንዚባር ስሄድ ያንን ጠብቄ ነበር የሄድኩት፣ ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው። ዳሬሰላም_ነዋሪ ያለውን በደንብ አንብቡት።

ግን ለየትኛውም ቦታ የሚሠራ ነገር ልንገራችሁ። ጀልባው ሲቆም ቶሎ አትግቡ። ውሃውን እዩት። ፈዛዛ ሰማያዊው አሸዋ ነው፣ ቡናማና ጠቆር ያለው ኮራል ወይም ሣር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ድንገት ጥቁር ሰማያዊ የሚሆንበት መስመር አለ። ያ መስመር የሪፉ ጠርዝ ነው። ዓሣው እዚያ ነው፣ ምክንያቱም ከጥልቁ የሚመጣው ምግብ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። ጠርዙን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወደ ጥቁሩ አትራቁ። ከዚያ ጀልባዋ በየት በኩል እንደተሳበች እዩ። አፍንጫዋ የዞረበት ውሃው ወይም ነፋሱ የሚመጣበት ነው። በዚያ አቅጣጫ ጀምራችሁ ስትደክሙ ውሃው ራሱ ወደ ጀልባዋ ይመልሳችኋል። ገልብጣችሁ ካደረጋችሁት በድካም ሰዓት ዳገት ነው የሚጠብቃችሁ።

ሙሽራው_ሳሪስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ቁጭ ብዬ ለእጮኛዬ አነበብኩላት። ሁለት ጥያቄ አላት። ለሠርጉ ሹሩባ ትሠራለች፣ ማስክ ያስቸግራታል ወይ? እና ፊት ሙሉ የሚሸፍነው አዲሱ ማስክ ለእኔ ለጀማሪው አይሻልም? በአፍንጫም በአፍም ያስተነፍሳል ይላሉ። ከዚያ ሌላ ጓደኞቻችን ደግሞ ብሉ ላጉን የሚባል ቦታ ካላያችሁ ይሉናል።

የጣና_ልጅ፦
ሹሩባው ችግር የለውም፣ ፊቷ ላይ ያለው ፀጉር ግን በሙሉ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። አንዲት ዘለላ በጎማው ስር ካለፈች ውሃ ይገባል። ጎማው ቆዳ ላይ ብቻ ይረፍ፣ ማሰሪያውን ደግሞ ከፍ አድርጋ ከጆሮዋ በላይ ታሳልፈው። አንተም ጺም ካለህ ከአፍንጫህ በታች ያለውን አሳጥረው። ስትገዛ ማሰሪያውን ሳታጠልቅ ማስኩን ፊትህ ላይ ለጥፍና በአፍንጫህ ወደ ውስጥ ሳብ፤ እጅህን ስትለቅ ከያዘ ልክህ ነው፣ ከወደቀ ተወው። የጀልባ ማስክ ብዙ ጊዜ አርጅቶ ጎማው የደረቀ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ተከራዩ፣ ማስክ ግን የራሳችሁ ይሁን። መስታወቱ እንዳይደፈርስ ምራቅ ቀብታችሁ አለቅልቁት፣ ወይም ጠብታ የሕፃን ሻምፑ።

ነርስ_ቤቲ፦
ፊት ሙሉ የሚሸፍነውን እኔ አልመክርም፣ በተለይ ለጀማሪ። ውሃ ከገባ ተፍተህ ማውጣት አትችልም፣ በድንጋጤ ሰዓት ማውለቁም ከተራው ይከብዳል። የተነፈስከው አየር በደንብ ካልወጣ መልሰህ ትስበዋለህ የሚል ስጋትም አለ። ተራውን ማስክ ልመድ።

ሰብለ_ቢ፦
ብሉ ላጉን ሚቻምቪ ፒንግዌ አጠገብ ነው፣ ያቺ ድንጋይ ላይ ያለችው ታዋቂ ሬስቶራንት ጋ። ጥልቀቱ ስለማያስፈራ ለጀማሪ ይሆናል። ቀይ እሾሃማ ኮከብ ዓሣ ሞልቷል። አስጎብኚዎቹ ለፎቶ ብለው ከውሃ አውጥተው በእጃችሁ ሊሰጧችሁ ይመጣሉ። እባካችሁ እምቢ በሉ፣ ከውሃ ውጭ ይጎዳሉ። ተንሳፋችሁ ከላይ ብታዩአቸው አሸዋው ላይ ተዘርግተው በጣም ያምራሉ። እኔ ግን ለእሱ ብላችሁ ሙሉ ቀን አታጥፉ ባይ ነኝ፣ ፓጄ አካባቢ ከሆናችሁ ጎራ ብላችሁ እዩት።

ሀና_ዱባይ፦
ሰንስክሪን ረስታችሁ እንዳትቀሩ ልል ነበር፣ ግን ከዚያ የሚሻለው እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ነው። ጀርባችሁ ነው የሚቃጠለው፣ እኛም እንቃጠላለን። የሰንስክሪኑ ኬሚካል ኮራሉን ይጎዳል ስለሚባል ሃዋይ ኦክሲቤንዞን ያለባቸውን በፈረንጅ ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጡ ከልክላለች። ልብሱ ሁለቱንም ችግር ይፈታል። ስቶን ታውንና መንደሮቹ ውስጥ ስትንቀሳቀሱ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ፣ ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ ማክበር ተገቢ ነው።

መንገደኛው_ቦሌ፦
ወረቀት እንዳትረሱ። ከኢትዮጵያ ስለምትሄዱ የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል። ከጥቅምት 2024 በፈረንጅ ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው የራሷን የዛንዚባርን ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ከመሄዳችሁ በፊት ኦንላይን ጨርሱት፣ ኤርፖርት ላይ ከመሰለፍ ያድናችኋል።

ሙሽራው_ሳሪስ፦
ጨረቃዋን አየሁ። ግማሽ የምትሆነው በደረስን በአምስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማተምዌ አራት ሌሊት፣ ከዚያ ስቶን ታውን ሦስት ሌሊትና ቹምቤ አሰብን። ልክ ነን?

ዳሬሰላም_ነዋሪ፦
ገልብጡት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ላይ ውሃው እየጎደለ ነው የሚሄደው። ማተምዌ ደግሞ ውሃው ይሸሻል፤ ጀልባ ላይ ለመድረስ ረጅም መንገድ በእግር ትሄዳላችሁ፣ ምኔምባ ስትደርሱም ጉተታው ገና አልረጋም። ስለዚህ መጀመሪያ ስቶን ታውን። ድካማችሁን አውጡ፣ ከተማውን እዩ፣ አንዱን ቀን ለቹምቤ ስጡ። እዚያ ሪፉ ላይ የምትገቡበትን ሰዓት አስጎብኚዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚወስኑላችሁ፣ ምዕራብ በኩል ስለሆነም ካስካዚው ብዙ አይነካውም። ናኩፔንዳ የምትባለውን የአሸዋ ደሴት ከፈለጋችሁም ከዚያው ነው፤ ውሃው ሲሞላ ትሰወራለችና ሰዓቱን ጠይቁ።

በአራተኛው ቀን ወደ ማተምዌ ተሻገሩ። አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን የምኔምባ ቀን ይሁን። አንዱ ቀን ነፋስ ቢነሳ ሌላው በእጃችሁ ነው፣ ለዚህ ስትል ሁለቱን ቀን ባዶ ተው። ካፒቴኑን እዚያው ዳርቻው ላይ ሄደህ ጀልባውን አይተህ ተነጋገር፤ ላይፍ ጃኬቱን፣ ቦያውን፣ የመግቢያ ክፍያውን፣ የመነሻ ሰዓቱን ጠይቀህ ገንዘቡን ስትመለስ ክፈል። ቹምቤ ግን በቀን የሚቀበለው ሰው ትንሽ ስለሆነ ዛሬውኑ ጻፍላቸው።

ሙሽራው_ሳሪስ፦
ጻፍኩላቸው። ሆቴሉንም በዚህ ቅደም ተከተል እይዛለሁ። ቅዳሜ ሁለታችንም ገንዳ ነን፣ ማስኩን ዛሬ ልንገዛ ነው።